ሰርዶ ይዘው የመጡት

የአባቴን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ የታዘዝኩት ሬሳው ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ ነው። አዛዡ የእድራችን ጸሐፊ ነበር። «ሌንሳ፣ ያው የተማርሽው አንቺ ነሽ። ከሁለት ገጽ እንዳይበልጥ፤ ፓስተሩ ረጅም ነገር አይወድም» አለኝና ወረቀትና እስክሪብቶ ጭኖብኝ ድንኳን ሊያስተክል ሄደ። አባቱ ለሞተበት ሰው የሚሰጥ ሥራ ነው ይሄ? እውነቱን ልናገርና ግን ደስ አለኝ። ቁጭ ብዬ ከምነፋረቅ ዓመተ ምሕረት ብደረድር ይሻለኛል፤ የሒሳብ መምህር ልጅ ነኝ።

የአባቴ ታሪክ ደግሞ ለመደርደር የሚያስቸግር አይደለም። ፈይሳ እዚሁ አጠገባችን ያለችው ዲጋ ተወለደ፣ ነቀምቴ ተማረ፣ ነቀምቴ አስተማረ። በ1987 ለጨፌ፣ ማለት ለክልሉ ምክር ቤት፣ በግል ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1992 እንደገና ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1997 አልተወዳደረም። በ2002 ተወዳድሮ ተሸነፈ። ከዚያ ጡረታ እስኪወጣ ጠመኔውን ይዞ ቆመ። በቃ። ለሁለት ገጽ እንዲያውም ያንሳል።

«በ1997 ዓ.ም. አልተወዳደሩም» የሚለው ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። ለምን አልተወዳደረም? ሁለቴ ያሸነፈ ሰው፣ ያውም አገር ምድሩ ስለ ምርጫ በሚያወራበት ዓመት፣ ለምን ተወው? ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በዚያው ቤት፣ በዚያው ግቢ ነበርኩ። ስለዚያ ዓመት ደግሞ አንድ ነገር ከማንም በላይ አውቃለሁ ብዬ ነው የኖርኩት። የማውቀው ግን ስለ ምርጫ አልነበረም። አዳዳ ኢቢሴን ለትዳር ሊጠይቁ ሽማግሌ ቤታችን መምጣቱን ነው።

አዳዳ በእኛ አገር የአባት እህት ናት። አያቴ ስትሞት አዳዳ ኢቢሴ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አባቴ ከዲጋ አምጥቶ እኛ ቤት፣ ነቀምቴ ከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ አሳደጋት። ልክ የመጀመሪያውን ምርጫ ያሸነፈበት ዓመት ነው። እናቴ ዘርፈሽ ከሸዋ ተመድባ የመጣች መምህርት ስለሆነች ቤታችን ውስጥ አማርኛ ይነገራል፣ ከበር ውጭ ኦሮምኛ፤ ንዴት ሲመጣ ሁለቱም። አዳዳ መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር። ማታ ነጭ ጋወኗን አውልቃ አጠገቤ ስትተኛ የሽሮፕ ሽታ ትሸተኛለች። አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው፤ ስለዚህ የእኔ ናት ብዬ አምን ነበር። እንዲህ ያለ እምነት ላለው ልጅ ከእሷ ጋር የሚያወራ ወንድ ሁሉ ሌባ ነው።

አባቴ ምን እንደሚሠራ በደንብ አላውቅም ነበር። ጨፌ መስክም ማለት ነውና «ጨፌ ሄዷል» ሲሉኝ አዳማ የሚባል አገር መስክ ላይ ተቀምጦ ላም የሚያይ ነበር የሚመስለኝ። ሲመለስ ጫማው ላይ ጭቃ ባለመኖሩ ይገርመኝ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ድልድይ ሲጠይቅ ነው የኖረው፤ ከዲጋ ማዶ ክረምት በመጣ ቁጥር ልጆችን ከትምህርት ቤት የሚያስቀር ወንዝ አለ። በየጉባኤው እጁን አውጥቶ ያንኑ ስለሚጠይቅ ጓደኞቹ «ኦቦ ድልድይ»፣ አቶ ድልድይ እንደማለት፣ ይሉት ነበር። እሱም እየሳቀ ለእናቴ ይነግራት ነበር።

በጓሯችን በኩል አንዲት ክፍል ነበረች። እዚያ የሚኖረው ባሕሩ የሚባል የኬሚስትሪ መምህር፣ ከጎጃም፣ ከደምበጫ ተመድቦ የመጣ ነው። ነቀምቴ የደረሰው በሐምሌ፣ ያለ ጃንጥላ። የእኛን ዝናብ የማያውቅ ሰው እንደዚያ ነው የሚመጣው። አዳዳ አዝናለት የራሷን ሰጠችው፤ ጥቁር፣ እጀታው እንጨት የሆነ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ጃንጥላ ከክፍሉ በር አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ኖረ፤ ሲዘንብ ሁለቱም በእሱ ሥር ይወጣሉ፣ ሁለቱም በእሱ ሥር ይገባሉ። እኔ ጃንጥላ መግዣ ያጣ ምስኪን ነው ብዬ አዝንለት ነበር። በኋላ እናቴ እንደነገረችኝ በመጣ በወሩ የራሱን ገዝቶ አልጋው ሥር ደብቆት ነበር።

መጥፎ ሰው አልነበረም። ክፍልፋይ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ሸንኮራ እየቆረጠ። «ይቺ አንድ አራተኛ ናት፣ ብዪያት» ይለኛል። በልቼ ስጨርስ «አሁን ስንት ቀረ?» ይለኛል። ሌባ መሆኑን ባላውቅ ኖሮ በጣም እወደው ነበር። ባውቅም እወደው ነበር።

በታኅሣሥ አንድ ምሳ ላይ እናቴ ለአባቴ «እንግዲህ በዚህ ቤት ድግስ የሚደገሰው መቼ ነው?» አለችው። እንዲሁ ለቀልድ የጣለችው ነገር መሰለኝ። አባቴ ጎመኑን እየጠቀለለ «ምርጫው ሳያልፍ በቤቴ ድግስ የለም» አለ። «እጩ ሆኜ በሬ ባርድ ምን እንደሚሉ አታውቂም? ፈይሳ ድምፅ በበሬ ገዛ ይሉኛል። ግንቦት ይለፍ፤ ከዚያ የፈለገ ይደገስ።» አዳዳ መብላቷን ተወች። ጎመኑ ጨው የበዛበት መስሎኝ እኔም ተውኩ፤ እናቴ ሁለታችንንም ተቆጣች።

በጥር ወር አንድ ረቡዕ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ሳይነሳ፣ ውሻችን ጮኸ። በመስኮት ሳይ ሦስት ሽማግሌዎች ከበራችን ውጭ ቆመዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ ሦስቱም እጃቸው ላይ እርጥብ ሰርዶ ይዘዋል። ከፊት ያሉት ኦቦ ጋሩማ ናቸው፤ ሰፈራችን ውስጥ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የተቀማ የሚያስመልሱ።

ሰርዶ ተይዞ በማለዳ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አላስተማረኝም፤ ግን አውቃለሁ። ከመስቀል በኋላ ጎረቤታችን ቦንቱን ሊጠይቁ የመጡት ልክ እንደዚህ ነው። በማለዳ መጡ፣ አልገባም አሉ፣ ውኃም አልቀመስም አሉ፣ «ተመለሱ» ተባሉ። ሁለተኛ መጡ፤ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን እሺ ተባሉ፣ ገቡ፣ በሉ። ቦንቱም ተሞሽራ ዲጋ ሄደች። ስለዚህ ሰርዶውን እንዳየሁ ዞሬ አልጋዬን አየሁ። አዳዳ ተቀምጣ ጸጉሯን ትሠራለች።

«አካም ቡልተኒ» አሉ ኦቦ ጋሩማ፤ እንዴት አደራችሁ። አባቴ ወጥቶ እጃቸውን ሳመ። ግቡ አላቸው፤ አንገባም አሉ። እኔ መስኮቱ ሥር ቁጢጥ ብዬ ጆሮዬን ደገንኩ። የሰማሁት እየተቆራረጠ ነው። «ልጁ ወጣት ነው... የኡኬው ፊራኦል፣ አንተው ያስተማርከው... ከሁለት ከምትከፈሉ...» የአባቴ ድምፅ ደግሞ ከበድ ብሎ «አሥር ዓመት የለፋሁበት ነው። ዛሬ መጥታችሁ ስጥ ስትሉኝ አንስቼ ልስጥ?» አለ።

አሥር ዓመት! አዳዳ እኛ ቤት ከመጣች አሥር ዓመቷ ነው። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል?

ሐሙስም መጡ፤ አባቴ እንደገና መለሳቸው። በዚያ ቀን እናቴና አባቴ መኝታ ቤት በር ዘግተው ሲያወሩ ዋሉ። የአዳዳ ስም ሲነሳ ሰማሁ፤ የባሕሩም። «ልጅቷ አፍ አውጥታ አትነግርህም» ትለዋለች እናቴ። እኔ በሆዴ ፊራኦልን እየመዘንኩት ነበር። አንድ ጊዜ ቤታችን መጥቶ ያውቃል፤ ሞተር ብስክሌት አለው፣ ከረሜላ ሰጥቶኛል። ዋናው ግን ኡኬ ቅርብ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ባሕሩ ቢሆን ደምበጫ ይዟት ነው የሚሄደው፤ ደምበጫ ደግሞ ዓባይ ማዶ ነው፤ ዓባይን የተሻገረ ሰው ይመለሳል ብሎ የነገረኝ የለም። ስለዚህ ፊራኦል ይሁን ብዬ ወሰንኩ። ድምፅ የሰጠሁት ያን ጊዜ ነው፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው።

ዓርብ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። አባቴ ሲወጣ ኮቱን ለብሶ ነበር፤ አዳማ ሲሄድ የሚለብሰውን።  ከዚያ አባቴ ቃል በቃል የሰማሁትን ተናገረ። «ሰጥቻለሁ። ግን ለፊራኦል ብዬ አይደለም። ለእህቴ ብዬ ነው። በእኔ ምክንያት ጊዜዋ አይለፍ።»

ኦቦ ጋሩማ ሰርዶውን አባቴ እጅ ላይ አኖሩ። እየመረቁ ሌሎቹ «ሃ ታኡ» ይላሉ፤ ይሁን፣ ይሁን። ገቡ። አዳዳ ማለዳ የቀቀለችውን አንጮቴ፣ ያን ድንች የሚመስል የአገራችንን ሥር፣ በቅቤ አሽታ አቀረበችላቸው። ሳያት ፊቷ በርቷል። ወደ ጓዳ ስትመለስ ያዘችኝና ሁለት ጉንጬን ሳመችኝ፤ ቅቤው ፊቴ ላይ ቀረ። ወደ ሥራ ስትወጣ መዝሙር እያዜመች ነበር። አዳዳ ደግሞ ድምፅ የላትም፤ ስታዜም ብዙ ጊዜ የምንስቅባት እኛው ነን። በዚያ ቀን አልሳቅኩም። ፊራኦልን እንዲህ ትወደዋለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ ትንሽ ቀናሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ባሕሩ ከትምህርት ቤት መጣ። እኔ ደረጃው ላይ ሸንኮራ እየመጠመጥኩ ነበር።

«ጋሼ ባሕሩ» አልኩት፣ «ሰማህ? አዳዳ ልታገባ ነው።»

ሳቀ። ከልቡ፣ እስከ ጆሮው ነው የሳቀው። «ማን ነገረሽ አንቺ ወሬኛ?»

«ሽማግሌዎቹ ናቸዋ። ዛሬ አባዬ እሺ አላቸው። ለኡኬው ፊራኦል።»

ሳቁ ወዲያው አልጠፋም፤ አፉ ላይ ትንሽ ቆየ። እሱም ሦስቱን ማለዳ ከጓሮ ሆኖ ሽማግሌዎቹን አይቷቸዋል፤ ሰርዶውን አይቷል። ጎጃምም ሽማግሌ በማለዳ ነው የሚሄደው። መጥቶ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እሷስ?» አለኝ። «እሷ ምን አለች?»

«ደስ ብሏታል። እየዘመረች ነው ሥራ የሄደችው።»

 ከዚያ «ደስ ካላትማ ደህና ነው» አለ። «ደህና ትኑርልኝ።» ራሴን ዳበሰኝና ወደ ክፍሉ ገባ።

አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ቁልፉን «ለአባትሽ ስጪ» ብሎ እጄ ላይ አደረገ። ጃንጥላውን ሚስማሩ ላይ ተወው፤ የራሱን፣ ያንን የደበቀውን፣ ብብቱ ውስጥ ይዟል። እሱስ ጃንጥላ አለው እንዴ ብዬ ገረመኝ። ከሰዓት በኋላ ወደ ጊዳ አያና የሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሳፈረ ብለው ሰዎች ነገሩን። ያ መንገድ በኡኬ በኩል ነው የሚያልፈው።

አዳዳ በዚያ ቀን ከሥራ ቀድማ መጣች። እየሮጠች ነው የገባችው፤ ነጩን ጋወን አላወለቀችም። ወደ እኛ ሳትዞር በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ስከተላት ክፍሉ ክፍት፣ ባዶ፤ እሷ ጃንጥላውን ከሚስማሩ አውርዳ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። እናቴ መጥታ «ቁልፉን ለሌንሳ ሰጥቷት ሄደ አሉ» አለቻት። አዳዳ ወደ እኔ ዞረች። ጠዋት የበራው ፊት አልነበረም። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም፤ ፈራሁ።

«ሌንሳ፣ ሲሄድ ምን አለ?»

«ምንም» አልኳት።

አንዲት ቃል ናት። ቁልፉን ብቻ ሰጠኝ አልኩ። አጥፍቻለሁ እንዴ? ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም፤ የሆነ ነገር እንዳጠፋሁ ግን ፊቷ ነገረኝ። ልጅ ደግሞ የፈራ ጊዜ ምንም ይላል።

ከዚያ ወዲያ ሠርጉን ጠበቅኩ። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ፤ ፊራኦል አልመጣም። አንድ ቀን «ፊራኦል መቼ ነው የሚመጣው?» ብላት አዳዳ «የት?» አለችኝ፤ እናቴ ደግሞ ከኋላ ቆነጠጠችኝ። በሚያዝያ የፊራኦል ፎቶ በየመብራት ምሰሶው ተለጠፈ። አክስቴን ረስቶ ፎቶውን ይለጥፋል ብዬ በንዴት አንዱን ቀደድኩት። አባቴ አይቶኝ አልመታኝም። የዱቄት ሙጫ አስቦክቶ፣ የተቀደደውን አስገጥሞ፣ በገዛ እጄ መልሶ አስለጠፈኝ። «የሰው ምስል አይቀደድም፤ ድምፄንም ለእሱ ነው የምሰጠው» አለ። ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶታል ብዬ አዘንኩለት። ፊራኦል አሸነፈ። አባቴ አሥር ዓመት የለመነው ድልድይም በፊራኦል ጊዜ ተሠራ፤ ሪባኑን ፊራኦል ቆረጠ፤ አባቴ ከሕዝቡ መሃል ቆሞ አጨበጨበ።

በ2002 አባቴ እንደገና ልወዳደር አለ፣ ያውም ከፊራኦል ጋር። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የእህቱን ውርደት ሊበቀል ነው ብዬ በኩራት ሞትኩ። ኡኬ ድረስ ተከትዬው ሄጃለሁ። ሕዝቡ ያዳምጠዋል፣ ያከብረዋል፣ ይመርቀዋል፤ ድምፅ ግን ሌላ ነገር ነው። ውጤቱ በሰፈራችን ምርጫ ጣቢያ በር ላይ ሲለጠፍ አብሬው ነበርኩ። መነጽሩን አድርጎ፣ ጣቱን በየመስመሩ እያስኬደ፣ ከላይ እስከ ታች ደመረው። «ሒሳቡ ልክ ነው» አለ። በእግራችን ወደ ቤት ተመለስን። አዳዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አያት፣ ፈገግ አለላት። እሷ ግን ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ለምን እሷ ታለቅሳለች ብዬ ነበር ያን ጊዜ።

ወረቀቱ ላይ አቀርቅሬ ያስታወስኩት ይሄን ሁሉ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኦቦ ጋሩማ ወደ ድንኳኑ መጡ። ዘጠናን ሳያልፉ አይቀሩም፤ በከዘራና በሰው ትከሻ ነው የሚሄዱት። አጠገባቸው ተቀመጥኩና «ኦቦ ጋሩማ፣ አባዬ በ1997 ለምን ሳይወዳደር ቀረ?» አልኳቸው።

«እኛ ለምነነው ነዋ» አሉ። «ፊራኦል እጩ ሆኖ ነበር። ሁለቱም የአንድ አገር ልጆች፤ ድምፁ ለሁለት ቢከፈል ሌላው ሊወስደው። አባትሽን ልቀቅለት ልንለው ተስማማን። ግን እንዴት ተብሎ? ወንበር መጠየቅ ልጅ ከመጠየቅ ይከብዳል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ልጅ ብትጠይቂ ዘመድ ታገኛለሽ፤ ወንበር ብትጠይቂ ጠላት ነው የምታፈሪ። ስለዚህ ልጅ እንደሚጠየቅበት ወግ አደረግነው። በማለዳ፣ ሰርዶ ይዘን፣ ሦስት ቀን።»

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ያለቅሳል፣ ሻይ ይዞራል። 

«በሦስተኛው ቀን እሺ አለ» አሉ ኦቦ ጋሩማ። «ግን ለፊራኦል አይደለም አለ፣ ለእህቴ ነው አለ። የሚወዳት ሰው ነበር መሰለኝ፣ አንድ መምህር። ዝውውር ደርሶት ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለውን እስከዚያ ዓርብ መመለስ ነበረበት። ፈይሳ እጩ ከሆነ እስከ ግንቦት ድግስ የለም፤ ከተወው ግን በሳምንቱ ይደግሳል። ምን ዋጋ አለው፣ ሰውየው ጥሏት ሄደ አሉ። ቤቱን አዋርዶ ሄደ።»

በማግስቱ ማለዳ፣ ከቀብሩ በፊት፣ አዳዳን ጓሮ አገኘኋት። የባሕሩ ክፍል ዛሬ የእድር ወንበር ማስቀመጫ ነው፤ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። አርባ አራት ዓመቷ ነው። ከባሕሩ በኋላ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ቢመጣ አልፈልግም ብላ መልሳለች። ማታውን «በሽማግሌ ጥያቄ» የሚለውን ጨምሬ የጻፍኩትን ሰጠኋት፤ መነጽሯን አውጥታ አነበበች።

«ይሄ ልክ አይደለም» አለች፣ ጣቷን 1997 ላይ አድርጋ። «በሽማግሌ ጥያቄ ብቻ አልተወም። ለእኔ ብሎ ነው። እኔ በር ኋላ ቆሜ ሰምቻለሁ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ሌንሳ። ከሥራ ቀድሜ ወጥቼ ልነግረው ስበር መጣሁ፤ ጃንጥላዬን መልሶልኝ ሄዷል። አልፈልግሽም ሲለኝ ነው ብዬ አልጻፍኩለትም። ወንድሜ ለእኔ ብሎ ወንበሩን ለቀቀ፣ እኔ ባል እንኳ ይዤ መቆየት አቃተኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ፊቱን ባየሁ ቁጥር እያፈርኩ ነው የኖርኩት። በ2002 የተወዳደረው ለምን ይመስልሻል? እኔ እንዳላፍር ነው። ወንበሬ የትም አልሄደም፣ ይኸው ሊለኝ። እሱም ተሸነፈ።»

ያን ጊዜ ነገርኳት። ቆሜ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ ከመስኮቱ እስከ ሸንኮራው። አላቋረጠችኝም።  ያዋረደኝ እሱ አይደለም ብላ ትጮኻለች፣ ትመታኛለች፣ ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። አንዱንም አላደረገችም።

«ሲሄድ ምን አለ?» አለች።

ሃያ ዓመት የቆየ ጥያቄ ነው። ቃሉ ያው ነው፣ ድምፁም።

«እሷስ ምን አለች አለኝ። ደስ ብሏታል፣ እየዘመረች ነው የሄደችው አልኩት። ደስ ካላትማ ደህና ነው አለ። ደህና ትኑርልኝ አለ።»

«እየዘመረች» አለች አዳዳ። ሳል የመሰለ ነገር ያዛት። «ለእሱ ነበር እኮ።»

ወደ ሰማይ አየች፤ ደመናው ወርዷል። «አግብቷል?»

ከሦስት ዓመት በፊት ፌስቡክ ላይ ፈልጌ አግኝቼዋለሁ። ለምን እንደፈለግኩት ያን ጊዜ ለራሴም አልነገርኩም። «አግብቷል» አልኳት። «ሦስት ልጆች አሉት።»

«ጥሩ» አለች። እጇን ዘርግታ እስክሪብቶዬን ተቀበለችኝ፤ «በሽማግሌ ጥያቄ» ከሚለው ቀጥላ በዚያ በቀጭን የመድኃኒት ቤት ጽሕፈቷ ጥቂት ቃላት ጨመረች። ከዚያ ወረቀቱን መለሰችልኝና ሳታየኝ ወደ ሴቶቹ ሄደች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም ይቅር በይኝ ለማለት አፍ አልነበረኝም። ለአባቴማ የምለው ጊዜ አልፏል፤ አንድ ክፍል ውስጥ በር ተዘግቶበት ተኝቷል። ስንት ምሽት አብሬው ተቀምጬ፣ ስንት ነገር ጠይቄው፣ ያቺን አንዲት ነገር ሳልነግረው ሸኘሁት።

ዝናቡ የመጣው መቃብሩ ላይ እንደደረስን ነው፤ የሰኔ ዝናብ ነው፣ አያስጠነቅቅም። ፓስተሩ ጸለየ፤ ከዚያ የእድሩ ጸሐፊ «የሕይወት ታሪካቸውን ልጃቸው ታነባለች» አለ። ወደ ፊት ወጣሁ። ፊራኦል ከፊት ረድፍ ቆሟል፣ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዟል። ወረቀቱ ላይ ጠብታ ወደቀና የትውልድ ዓመቱ ቀለም ሄደ።

ያን ጊዜ በላዬ ጥላ ዋለ። ዞር ስል አዳዳ ናት። ጥቁሩን ጃንጥላ ዘርግታለች፤ ጨርቁ ተቀይሮ ይሆናል፣ እጀታው ግን ያው እንጨት ነው።

«ለወረቀቱ ነው» አለችኝ በዝግታ።

አነበብኩ። ዲጋ መወለዱን፣ ጠመኔውን፣ ድልድዩን፣ 1987ን፣ 1992ን። «በ1997 ዓ.ም. በሽማግሌ ጥያቄና ለእህታቸው ሲሉ አልተወዳደሩም» ብዬ አነበብኩ። ሕዝቡ መሃል ማጉረምረም ተሰማ፤ ኦቦ ጋሩማ ራሳቸውን ነቀነቁ። የአዳዳ እጅ እጀታው ላይ አልተነቃነቀም። ጃንጥላው ወረቀቱንና እሷን በደንብ ይሸፍናል፤ ለእኔ አንድ ጎን ብቻ ነው የደረሰኝ። ግራ ትከሻዬ እየረጠበ፣ ጠጋ ሳልል፣ «አንዲት ሴት ልጅ ትተዋል» እስከሚለው ድረስ አነበብኩ።